ዛሬ አመሻለሁ

መስከረም 24

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ብርድ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ምግብ ትበላለህ ወይስ አሁንም ቅጽል ስምህን እያስከበርክ ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የወደደውን ያህል ያኑረን።

ስልክ እንደማላነሳ ታውቃለህ። ሠላሳ ዓመት የአለቃ ስልክ ሳነሳና የአለቃ ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ለጆሮዬም ጡረታ ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ታገሠኝ፤ ወደ አንተ የሚመጣ መንገደኛ አግኝቼ ነው።

ጉዳዬ ልጄ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን ነው፤ እናንተ ራውተር የምትሉት። ታሟል። ቀን ቀን ጥፍት ይልና ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይበራል። ይባስ ብሎ የኋላ ክፍሌን የተከራየችው ነርስ የሆስፒታሏን ገጽ ልትከፍት ስትል፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ ገጽ መጥቶ የይለፍ ቃሏን ጠየቃት። አርማው ትንሽ ጠመም ብሎባት ነው እንጂ ልትሰጠው ነበር። "እዚህ ቤት ከእኛ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል" አለችኝ። እኔም እንደዚያው ይመስለኛል፣ ማን እንደሆነ ግን የራሴ ሐሳብ አለኝ።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ቴክኒሻን መጥቶ ነበር። መሰላል ላይ እንኳ ሳይወጣ "ይሄ ያረጀ ነው፤ ይጣልና አዲስ እንስቀል" አለ። ውኃ እንኳ ሳላቀርብለት ሸኘሁት።

ምክንያቴን ላንተ አልደብቅም። ልጄ ሱቁ ቁጭ ብሎ የዋይፋዩን ስም እየለወጠ ያናግረኝ ነበር። ስልክ ስለማላነሳ የፈጠረው ዘዴ ነው። ታብሌቴን ስከፍት ከጎረቤት ዋይፋዮች ስም መሃል "መድኃኒትሽን ዋጪ" ይላል። ሌላ ቀን "እማ ዳቦ ግዢ"። ነርሷን በኩሽና ጉዳይ የተቆጣኋት ዕለት ደግሞ "ነርሷን አታስቸግሪ" የሚል አገኘሁ። ስሙን ነክቼ የይለፍ ቃሉን መትቼ ስገባ፣ እሱ ከወዲያ ያየኛል፤ አነበበች ይላል። የመጨረሻው ቀን ያገኘሁት "ዛሬ አመሻለሁ" የሚል ነው። እሱ በመኪና አደጋ መንገድ ላይ ከቀረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቃሉ ግን እዚያው አለ።

ስለዚህ ሳጥኑን አድንልኝ፣ ስሙን ግን እንዳትነካብኝ። ለቀብሩ አለመምጣትህን ቂም አልያዝኩም፤ ሰው ሥራ ይይዘዋል። ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጣው?

አክስትህ


ጥቅምት 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሩቅ ሆኜ የታመመውን ጉልበትዎን ቀስ ብዬ ስሜያለሁ። ጤናዎን ያብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፤ የበላሁት በየት በኩል እንደሚሄድ አላውቅም እንጂ። ሥራዬ ያው መጋዘኑ ነው። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሆኜ ጣሪያ ሥር ኬብል ስጎትትና ሳጥን ስሰቅል እውላለሁ። ትንንሽ መብራቶች ሳይ ስለምውል ዓይኔን ስጨፍንም አረንጓዴ ነው የማየው።

ስለ ሳጥኑ። ማንኛውም ራውተር በሆዱ የሚያሠራው ሶፍትዌር አለው። የእርስዎን ሳጥን ፋብሪካው ከረሳው ቆይቷል። ከዓመታት በፊት እኔና ልጅዎ የፋብሪካውን አውጥተን፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሚጽፉትንና በነፃ የሚያካፍሉትን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ጫንንበት። ስሙን በእኛ ፊደል መጻፍ የተቻለውም በሱ ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን በየጊዜው በአዲስ መተካት አለበት። ከሁለት ዓመት ወዲህ የነካው የለም። በዚያ መሃል ቀዳዳው ታውቆበታል። አንድ ሰው በቀዳዳው ገብቶ የምትጠሯቸውን አድራሻዎች ወደ ራሱ እያዞረ ነው። ነርሷ እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ። የምናውቀው ሰው ግን አይደለም፣ እትዬ።

መድኃኒቱ የሶፍትዌሩን አዲስ እትም መጫን ነው። ሳጥኑ ሥር ተለጣፊ አለ፤ የሞዴሉን ቁጥርና ቨርዥን የሚለውን ይጻፉልኝ። ፊታቸው አንድ ሆኖ ሆዳቸው የተለያየ ሳጥኖች አሉ፤ የአንዱን ለሌላው ከጫኑት ድርቅ ብሎ ይቀራል።

ስሙ አያስጨንቅዎት። አዲሱ ላይ ያንኑ ቃል መልሶ መጻፍ ይቻላል።

ስለ መምጣቱ፣ ሥራው ሲላላልኝ እናየዋለን።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 25

ለቀጮ፣

ሰላም ላንተ፤ የምትወጣበትን መሰላል ያጽናልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል።

የሳጥኑን ሆድ አየሁልህ። ማለቴ ነርሷ ወጥታ በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ እኔ በመነጽር አነበብኩት። ቁጥሩን ከጀርባ ጽፌልሃለሁ። አቧራውንም ጠርጋለታለች። የእሱ ጣት ያረፈበት ይኖራል፣ ተይው ልላት ስል ቀድማኝ ጨረሰች። ልጅቷ ለንጽሕና ስትል የማታደርገው የለም።

ስለ ስሙ ግን አልተግባባንም። መልሶ መጻፍ ይቻላል ትላለህ። ይቻላል። ግን አንተ ከጻፍከው ያልከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ብታመሽ ባታመሽ ምን ግዴ?

አብዳለች እንዳትል። መሞቱን አውቃለሁ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን የመጨረሻ ቃሉ እንደዚያ ሆኖ ሲቀር ሰው ምን ያድርግ? አመሻለሁ እንጂ አልመጣም አላለኝም። ስለዚህ ሲመሽ የግቢውን በር ገርበብ አደርግና መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። አልጋ ላይ ከመገላበጥ ይሻላል። ነርሷ "እማማ፣ በተከፈተ በር እኔ መተኛት አልቻልኩም" ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው እስከ በረንዳው ድረስ ገብቶ ቆሞ አየሁት። እኔ አልጮህኩም። ዝም ብዬ አየሁት፤ ቁመቱ የእሱን ይመስላል እያልኩ። ነርሷ ወጥታ ስትጮህበት ሮጠ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ሳይሆን አልጋዋ ላይ ነው።

ትሄዳለች ማለት ነው። እሷ ከሄደች ደግሞ ይህን ቤት እኔና ሳጥኑ ብቻ ልንኖርበት ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሌባው ይውጣ፤ ያው ቃሉም አብሮ ይውጣ። መመሪያውን ላክልኝ። ስሙን አንተ አትጻፈው፣ እኔ አወጣለታለሁ። ደግሞም ሳታዘገይ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።

አክስትህ


ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና በደጅዎ ይደር። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መንገደኛ አጥቼ ነው።

ፋይሉ ከዚህ ጋር ባለው ፍላሽ ውስጥ አለ። መመሪያውን በኢንተርኔት ያልላክሁት ሳጥኑ ሲጠፋ መመሪያውም አብሮ ስለሚጠፋ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ቤቱን ሙሉ ያጨለመ ባልደረባ አለኝ። ነርሷ ላፕቶፕ ስላላት እሷ ትሥራው፤ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር በኬብል ታገናኘው፤ በዋይፋይ አይሆንም፣ መሃል መንገድ ላይ ይጥላታል። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ገጽ ትግባ፤ የይለፍ ቃሉን ከታች ጽፌዋለሁ። ፋይሉን ስትሰጠው "የነበረውን ሴቲንግ ይያዝ?" ብሎ ይጠይቃታል። ምልክቱን ታንሳው። ከያዘው የሌባውንም ሥራ አብሮ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይንካ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይጠፋል፣ የሞተ ይመስላል። አልሞተም። በዚያ ሰዓት የነቀለው ሰው ነው የሚገድለው።

አሮጌው በዚህ ይተካል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

በሩን ግን ይዝጉት፣ እትዬ። እባክዎ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 18

ለቀጮ፣

ሰላም ነህ ወይ። ሳጥንህ ድኗል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተቀመጥን። እኔ አነበብኩ፣ ነርሷ ሠራች። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። እሷ "ይመለሳል፣ ይመለሳል" እያለች እጄን ያዘችኝ። እንደዚህ የሚባለው ለሰው ነበር። ተመለሰ።

የሳጥኑን ገጽ የይለፍ ቃል ስትመታው ወዲያው ከፈተላት። "ይህን ልጅዎ ብቻ አልነበረም የሚያውቀው?" አለችኝ። ወንድማማች ናቸው ብዬ አለፍኩት። እኔም ግን ልጠይቅህ እያልኩ ነው። ለእኔ ለእናቱ ያልሰጠኝን እንዴት ሰጠህ?

ስሙን "ቤት" አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ገጾቹ ቀጥ ብለው ይከፈታሉ፣ ነርሷ ሻንጣዋን አውርዳለች፣ ሁሉ ሰላም ነው። ታብሌቴን ስከፍት ግን "ቤት" ይለኛል፣ እኔም ገብቼ የምሠራው አጥቼ እወጣለሁ። ሰው ዕቃ የወጣበት ክፍል ውስጥ ሲናገር ድምፁ እንደሚመለስበት ነው የሆንኩት። በሩን መዝጋት ግን አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

አክስትህ


ጥር 9

ለቀጮ፣

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታዬን ባጭሩ ተቀበል።

መጥቷል።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ እንደገና ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር ዋለ። በመጨረሻ ሲረጋ ታብሌቴን ከፈትኩ። "ቤት" የለም። በቦታው "ዛሬ አመሻለሁ" ይላል። መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። ነርሷን ጠርቼ አስነበብኳት። "እማማ፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ አብረን አይደለም ወይ ያጠፋነው?" አለች። አብረን ነው። የይለፍ ቃሉን መታሁ፣ አስገባኝ። አነበብኩ አልኩት።

የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ወንበሬን በረንዳው ላይ አወጣሁ። ነርሷ ብርድ ልብስ ደርባልኝ ገባችና ክፍሏን ከውስጥ ቆለፈች። ዛሬ ጠዋት ቤት መፈለግ ጀምራለች። ደረቴ እያፏጨ ነው፣ ግድ የለም። ሰው ተቀብሮ እንኳ ቃሉን ካልተወ እኔ ቦታዬን እተዋለሁ?

አደራህን፣ እንዳታስረዳኝ። ማስረጃ ይኖርሃል፣ አውቃለሁ። ለራስህ ያዘው።

አክስትህ


የካቲት 6

ለውድ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት ደረትዎ ድኖ፣ በተረጋጋ ልብ ያግኝዎት። ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ነርሷ ካለች አጠገብዎ ትሁን።

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የዘገየሁት መንገደኛ አጥቼ አይደለም። ያን ጊዜም አልነበረም። ስጽፍ ስቀድ ነው።

እንዳታስረዳኝ ብለዋል። ስለ ሳጥኑ ብቻ ቢሆን ቃልዎን አከብር ነበር። የሳጥኑ ማህደር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አዲሱን ሲጭኑበት በአንደኛው ግማሽ ያስቀምጠዋል፣ አሮጌው በሌላኛው ግማሽ እንዳለ ይተኛል። ሳጥኑ በሚነሣበት ሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተቋረጠበት፣ አዲሱ ታሟል ብሎ አሮጌውን ይቀሰቅሳል። የመጣው ይኸው ነው። አሮጌው ሲነሣ የሌባው ቀዳዳም አብሮ ተነሥቷል፤ ነርሷ የይለፍ ቃሏን እንዳትጠቀም ይንገሯት። ይህን አውቅ ነበር። አሮጌው ይተካል ስልዎት ግማሹን ነው የነገርኩዎት። ሁለቱንም ግማሽ የሚሽር መመሪያ መጻፍ እችል ነበር፣ እጄ አልታዘዘኝም።

አሁን ስለ ይለፍ ቃሉ። እውነቱን ልንገርዎት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅዎ መንገድ ላይ ሆኖ የጽሑፍ መልእክት ላከልኝ። የመኪናው ጎማ ፈንድቶባቸው ቆመዋል። ስሙን የሚለውጥበት ኮምፒውተር ሱቅ ነው ያለው፤ እርስዎ ደግሞ ስልክ አያነሱም። እኔ ከዚህ ሆኜ ወደ ሳጥኑ የምገባበት በር ነበረኝ፤ ሲቸግረው እንዳግዘው ራሱ የሰጠኝ ነው። "ለእማ ለጥፍልኝ። ዛሬ አመሻለሁ፣ ሳትጠብቂኝ ተኚ በላት" አለኝ። ቃሉ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

ሳጥኑ ለስም የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ደግሞ የሦስት የላቲን ፊደል ቦታ ይበላል፤ ከአሥር ፊደል በላይ አይችልም። ሙሉውን ጻፍኩት፣ አልቀበልም አለኝ። ስለዚህ ቆረጥኩት። የፊተኛውን ግማሽ ለጥፌ ጠበቅኩ። ታብሌትዎ ሲገባ አየሁ፣ አነበቡ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ የኋለኛውን ግማሽ እለጥፋለሁ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከመሰላሉ ሳልወርድ ተደወለልኝ።

ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልለጥፈው? በሳምንቱ ከውጭ የምገባበትን በር ዘጋሁት፤ ያን ስም ማየት አልቻልኩም። ለቀብሩ ያልመጣሁት ፈቃድ አጥቼ አይደለም። ታብሌቱን እቅፍ አድርገው ባገኝዎት ምን እላለሁ ብዬ ነው። በጥቅምት ደግሞ አንተ ከጻፍከው ያልከው አንተ ነህ ብለው ጻፉልኝ። ታዲያ የእጄ ጽሑፍ ነው ብዬ እሱን ልንጠቅዎት?

ግን በር ከፍተው በረንዳ ላይ የሚቀመጡት እኔ በቆረጥኩት ቃል ነው። ጠብቂኝ አላለም፣ እትዬ።

ይቆጡኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 27

ለቀጮ፣

በደብዳቤ ወግ ሰላምታው ይቀድማል። ተቆጥቻለሁና ወደ ታች አውርጄዋለሁ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ሰደብኩህ። ነርሷ ምስክሬ ናት፤ እንዲህ ያለ ስድብ እንደማውቅ አታውቅም ነበርና ደነገጠች። ሠላሳ ዓመት ታይፕ ስመታ ከአለቃዬ ቃል አንዲት ቆርጬ አላውቅም። ወረቀት ሲያልቅ ሌላ ወረቀት ይገባል እንጂ ቃል አይቆረጥም። አንተ ለመሰላል ስትቸኩል እኔ ሁለት ክረምት ብርድ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ለአንድ ሳምንት አላናገርኩህም፤ በልቤ ማለቴ ነው። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አወጣሁና ያቺን የቀረች ግማሽ ድምፅ አውጥቼ አነበብኳት። ሳትጠብቂኝ ተኚ። የእሱ ናት። አንተ ፈጥረሃት ቢሆን "ይተኙ" ትል ነበር። አፉን ሰማሁት፤ ሲነጫነጭብኝ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። ያን ዕለት አለቀስኩ፤ ለቀብሩ ያላለቀስኩትን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ተሳስቼ ጽፌልሃለሁ። አንተ ከጻፍከው ያልከው አንተ ነህ ብዬህ ነበር። ከእኔ የሚጠበቅ ቃል አልነበረም። የአለቃዬን ደብዳቤ ሁሉ የመታሁት እኔ ነኝ፣ አንዱንም ግን የእኔ ነው ያለ ሰው የለም። የተናገረው እሱ ነው፣ አንተ መታኸው፤ አጉድለህ መታኸው እንጂ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሶኬቱን በራሴ እጅ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ሲነሣ ነቀልኩ። እንዳልከው ሦስቴ። ነርሷ ላግዝዎት ብትለኝ እንቢ አልኳት። ታብሌቱ ላይ "ቤት" የሚለው ሲመለስ ተቀመጥኩና ትንሽ አየሁት። ሌላውን ግማሽ እንዳትሽረው። እንዳትቀሰቅሰውም። ይተኛበት።

ሲመሽ ወጥቼ የግቢውን በር ገፋሁት። ዝጎ ነበር፤ ነርሷ በትከሻዋ አገዘችኝ። ተኛሁ። ጠዋት ብጠበቅ ብጠበቅ አልወጣ ስል ልጅቷ ገብታ የእጄን ደም ሥር ስትዳስስ ነው የነቃሁት። ሞተው መስሎኝ ነው አለች። አልሞትኩም፣ ተኝቼ ነው አልኳት። ቤት መፈለጉን ትታለች።

አሁን ሰላምታው። ጤና ይስጥህ፣ ልጄ። እንጀራህን ያስፋልህ፣ ከመሰላል አይጣልህ። ሳሎኑን አስጠርጌ አልጋ አስገብቼልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ሥራ በዛብኝ የምትለኝን አልሰማም። ስልክ እንደሆነ አሁንም አላነሳም። ሲመሽ ቆልፌ ነው የምተኛው። ስትመጣ በሩን አንኳኳ።

አክስትህ